ሰማያዊ ናስትሮ

ነገሩን መጀመሪያ ያወጣው እንቁላሉ ነው። ማቪስ ሰብራ መጥበሻው ላይ ስትጥለው መሀል ላይ መርጋት ሲገባው ወደ አንድ ጎን ሸሸና ጠርዙ ላይ ተከማቸ። መጥበሻውን አየችው፤ ምድጃውን አየችው፤ ከዚያ የሻይ ማንኪያዋ መደርደሪያው ላይ ቀስ እያለች ስትንሸራተት አየች። ጀልባዋ አጋድላለች።

«ሄድሊ» አለች ፊቷን ሳታዞር፤ «ውሃው ሄዷል።»

ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ለማጥለቅ ከጉልበቱ ጋር ይታገል ነበር። «ወዴት?»

«ሲሄድ አልተሰናበተኝም።»

ዕለቱ እሑድ ነው። ሁለቱ ጡረተኞች «ትዕግሥት» በምትባለው ረዥምና ጠባብ ጀልባቸው ላይ መኖር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሑድ እሑድ ሞተር አስነስተው አያውቁም። ስድስት ቀን እንደ ኤሊ ያዘግማሉ፣ በሰባተኛው ያርፋሉ። የሄድሊ ጉልበት የሚያርፍበት፣ የማቪስ ምላስ ግን ትርፍ ሰዓት የሚሠራበት ቀን ነው። ትናንት ማምሻውን ጀልባን በውሃ ሙላት ወደ ላይ የሚያነሳውን የቦዩን የታችኛውን የውሃ በር አልፈው፣ ላይኛው በር ሳይደርሱ ከአኻያ ዛፎች ሥር ችካላቸውን ተክለው ገመዳቸውን አስረው ነበር። አሁን በሁለቱ በሮች መካከል የነበረው ውሃ ከግማሽ በላይ ወርዶ፣ «ትዕግሥት» ጭቃው ላይ ተቀምጣ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘንበል ብላለች።

እንዲህ ያለ ነገር በራሱ አይመጣም። በየበሩ ግርጌ ውሃ የሚያሳልፍ መስኮት አለ፤ የጀልባ ሰው ይዞት በሚወርድ የብረት ማዞሪያ ይነሳል፣ በዚያው ማዞሪያ ይወርዳል። ጀልባውን አሳልፎ መስኮቱን ሳይዘጋ የሄደ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ውሃው እያንጠባጠበ እንዲያልቅ፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ጭቃ ላይ እንዲቀመጡ አደረገ ማለት ነው። በጀልባ ሰዎች ዘንድ ከዚህ የከፋ ነውር የለም። ሰው ሚስቱን ቢፈታ በዓመቱ ይረሳለታል፤ መስኮት ክፍት ትቶ ከሄደ ግን ስሙ ከጀልባው ቀድሞ ከተማ ይገባል።

በማቪስና በሄድሊ ቤት ደግሞ ነገሩ ከነውርም ያልፋል። ባለፈው ክረምት ሄድሊ ሁለት ጊዜ ችካል ዳር ላይ ረስቶ ሄደ፤ አንድ ጊዜም ውሃ ያልገባበት ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥዶ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። ልጃቸው ብራዮኒ ይህን ስትሰማ ደርቢ ከተማ ከሷ ቤት ጀርባ ምድር ቤት አገኘችላቸው፤ ደረጃ የሌለው፣ ግድግዳው የማይወዛወዝ። ማቪስ ልጇን የመለሰቻት በውል ነው። በኩሽናው ቁም ሳጥን በር ጀርባ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መስኮት ክፍት ትቶ የተሄደ ቀን፣ ጀልባዋ ትሸጣለች።» ሄድሊ አንብቦ ፈረመበት። ሁልጊዜ ጆሮው ላይ የሚሰካት አጭር እርሳስ አለችው፤ በሷ ነው የፈረመው። ማቪስም ፎቶ አንስታ ለልጇ ላከች።

እንግዲህ ዛሬ መስኮት ክፍት የተወ ሰው አለ። ያ ሰው ባሏ እንዳይሆን ማቪስ አጥብቃ ፈለገች። ያቺን ምድር ቤት ትፈራታለች፤ እዚያ ገብታ በማይንቀሳቀስ መስኮት አንድ አጥር ብቻ እያየች ማርጀትን ትፈራለች። ስለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሌላ ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

ከኋላቸው ሠላሳ እርምጃ ርቆ አንድ ግራጫ ጀልባ ታስሯል። ባለቤቱ ሮይስተን የሚባል ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ብስኩት ከምትባል ውሻው በቀር ማንም የለውም። ጣሪያው ላይ የማገዶ ክምር፣ ጎማ የሌለው ብስክሌትና ሦስት የከሰል ከረጢት አለ። በሰኔ ሙቀት እንኳ ረዥም ኮት ይለብሳል። ከሁሉም የባሰው፣ ጀልባው ላይ ስም አልጻፈም። ለማቪስ ስም የሌለው ጀልባ ታርጋ እንደሌለው መኪና ነው፤ ንጹሕ ሰው ለምን ስሙን ይደብቃል?

በዚያ ላይ አይታዋለች። ንጋት ላይ ሽንት ቤት ብላ ስትነሳ በክቧ መስኮት ብቅ ብላ ነበር። ሰማዩ ያካፋል። ሮይስተን ከታችኛው በር በኩል ይመጣል፤ ብስኩት ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ አንድ እጁን ከኮቱ ሥር ከቶ አንዳች ነገር ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ያኔ እንቅልፏ ስለነበረ ተመልሳ ተኛች። አሁን ግን እንቁላሉ እያረረ፣ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታያት።

«ያ ሰውዬ ነው» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ስንት ሰውዬ አለ እዚህ? ዳክዬዎቹን ልትጠረጥር ነው?»

ሄድሊ ጀልባዋ ጫፍ ላይ፣ መሪው አጠገብ ብቅ ብሎ ቆመ፤ ማዞሪያዎቹ የሚሰቀሉበትን ቦታ አየ፤ እንደገና አየ። ማቪስ ጫማዋን እያጠለቀች ስለነበር አላስተዋለችውም።

በቦዩ ወግ የሰው ጀልባ ላይ ዘው ተብሎ አይወጣም፤ ጣሪያው ይንኳኳል። ማቪስም አንኳኳች፤ ማንኳኳት ከተባለ። ሮይስተን የሻይ ኩባያውን ይዞ ብቅ አለ። ያው ኮት ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ማቪስ።»

«አጋድዬ አደርኩ። አንተስ?»

«እኔም እንደዚያው።» የኩባያውን ሻይ አሳያት፤ ሻዩም አጋድሏል። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር።

«ንጋት ላይ ከበሩ ስትመጣ አይቼሃለሁ» አለች። «ከኮትህ ሥር የያዝከው ምን ነበር?»

ሮይስተን አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ወደ ኮቱ ሰደደና አንዳች ነገር ሊያወጣ ጀመረ። ከዚያ ዓይኑ ከማቪስ ትከሻ በላይ አለፈ፤ ሄድሊ ከኋላዋ ደርሶ ቆሟል። የሮይስተን እጅ ባዶውን ተመልሶ ወጣ።

«ምንም» አለ።

«ምንም እንዲህ ደረት ላይ ይታቀፋል?»

«ብርድ ነበር።»

«ውሃውን ያፈሰስከው አንተ ነህ። እኛ ከሄድንልህ ይህን ጥላ ለብቻህ ልትይዘው ነው። መስኮቱን ከፍተህ አድረህ፣ ሰው ሳይነሳ ልትዘጋ ሄድክ። ዋሸሁ?»

ሮይስተን ብስኩትን በጫማው ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መለሳት። «መስኮቱን የዘጋሁትስ እኔ ነኝ» አለ፤ «ውሃው መሄዱን ሳይ ነው ወደዚያ የወረድኩት።»

«ስማ እንግዲህ፣ ሄድሊ! ዘጋሁ አለ፤ መክፈቱ ብቻ ቀረው።»

ሄድሊ ክንዷን ያዛት። «በይ ቁርስሽ ይቀዘቅዛል።»

«ቁርሴ አንድ ጎን ላይ ነው ያለው» አለች ማቪስ፤ ግን ተመለሰች። ተመልሳም ስልኳን አንስታ የበሮቹ ጠባቂ ለሆነችው ግሌንዳ ደወለች። ግሌንዳ ከላይኛው በር ውሃ ልትለቅላቸው ከቀትር በፊት እንደምትደርስ ነገረቻት። ማቪስ የግራጫውን ጀልባ ሰው ስም ስታነሳ፣ ሰውን ሁሉ «ዳክዬዬ» ብላ የምትጠራው ግሌንዳ ተነፈሰች።

«እሱ እኮ ከአንድ ቦታ ቶሎ አይነሳም እየተባለ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል፣ ዳክዬዬ። ይሄ ሦስተኛ ከሆነ የጀልባ ፈቃዱን ይነጥቁታል። እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቼው?» አለች ማቪስ፤ ልቧም ትንሽ ተደላደለ።

ልብ ግን ብዙ ተደላድሎ አይቆይም። ልብሱን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ ሄድሊ «ችካሉን ልይ» ብሎ ሄደ። ችካሉ ከፊት ነው፤ ሄድሊ የሄደው ወደ ኋላ ነው። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ስታይ ከሮይስተን ጋር አንገት ለአንገት ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ሮይስተን ራሱን ይነቀንቃል፤ ሄድሊ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አንዳች ነገር ይለምነዋል። አዎ፣ ይለምነዋል። የባሏን ልመና ከሃምሳ ዓመት ትዳር ታውቀዋለች፤ ጀርባው ይጎብጣል።

ቀረብ ስትል ራቅ ራቅ አሉ።

«ስለምን ነው?» አለች።

«ስለ ውሻዋ» አለ ሄድሊ። «ጆሮዋን አሟታል።»

ብስኩት ሁለት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ማቪስን ታያለች። በምድር ላይ እንደ ብስኩት ጆሮ ጤነኛ ነገር አልነበረም።

ማቪስ የአንሶላው ገመድ ጋ ተመልሳ ቆመች። ሄድሊ ቢሆንስ? መስኮቱን የተወው ሄድሊ ሆኖ፣ ያ ሰውዬ አይቶት፣ አሁን ዝም እንዲልለት እየለመነው ቢሆንስ? ትናንት ማን ነበር በሩ ላይ? ለማስታወስ ሞከረች። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ወርዶ በሩን ይከፍታል፤ ይቀያየራሉ። ትናንት የማን ተራ ነበር? ሠላሳ በር ባለፉበት ሳምንት ሁሉም በር አንድ ይመስላል። ሄድሊ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ከዚያ ደግሞ ይህን በማሰቧ ደነገጠች።

ማዞሪያዎቹ ይናገራሉ ብላ ወደ መሪው ሄደች። ሁለት ናቸው። የሄድሊ እጀታው ላይ ቀይ ናስትሮ የተጠመጠመበት ነው፤ የሷ ሰማያዊ። ቀዩ በቦታው ተሰቅሏል፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። እግዚአብሔር ይመስገን አለች። አጠገቡ ያለው ሚስማር ግን ባዶ ነበር።

ማቪስ ባዶውን ሚስማር ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ጥርጣሬ ሲይዝ እንዲህ ነው፣ ቤት ሠርቶ ጣራ ይከድናል። ከኮቱ ሥር የነበረው የሷ ማዞሪያ ነው። ሰርቆ፣ በሷ ብረት መስኮቱን ከፍቶ፣ የሰው ጣት ወደ «ትዕግሥት» እንዲያመለክት ነው ያሰበው። አሁን ደግሞ የዋሁን ባሏን «ሚስትህ ናት» እያለ ያስፈራራዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እሷን ነው የናቀው።

ጮሃ አልሄደችም። ብልህ ሴት ናት፤ ወጥመድ አበጀች። ዘንቢሏን አንስታ «ወተት አልቋል፣ መንደር ደርሼ እመጣለሁ» አለች። ወተት አላለቀም። ሄድሊ ደግሞ ሁልጊዜ «እኔ ልሂድልሽ» የሚለው ሰውዬ ዛሬ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ አትቸኩይ» አላት። አትቸኩይ! የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ፤ ሁለቱም አብረው ናቸው ማለት ነው።

ወደ መንደሩ የሚያሻግረው ድልድይ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከድልድዩ ግንብ ጀርባ ዞረችና ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አጮለቀች። የሰባ አራት ዓመት ሴት ግንብ ተደግፋ ስታጮልቅ ያዩ ሁለት መንገደኞች ሰላም ብለዋት አለፉ። እሷም ሰላም አለቻቸው።

ብዙ አላስጠበቃትም። ሮይስተን ከጀልባው ወርዶ መጣ። ግራና ቀኝ አየ። ከኮቱ ሥር ብረቱን አወጣ፤ ሰማያዊው ናስትሮ ከዚያ ድረስ ታየ። ሄድሊ ተቀበለው። በመሀረቡ ጠረገው፤ ጠርጎም ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሁለቱም ከባድ ዕቃ ያወረዱ ይመስል ተነፈሱ።

ማቪስ ዘንቢሏን ረስታ መጣች።

«ያዝኳችሁ» አለች።

ሄድሊ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወተቱስ?»

«ወተቱን ተወው። ሌባ የሰረቀውን ሲመልስ ባለቤቱ አቀባብሎ ይሰቅላል እንዴ? ምን ብሎ አስፈራራህ?»

«ማንም አላስፈራራኝም። መሪው ሥር ወድቆ ነበር፣ አገኘነው።»

«አሁን ከኮቱ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ሄድሊ። ውሸት አትችልበትም፣ አትልመድ።» ወደ ሮይስተን ዞረች። «አንተ ንገረኝ። ይሄ ብረት የት ነበር?»

ሮይስተን ሄድሊን አየ። ሄድሊ ራሱን ነቀነቀ፤ ዛሬ ጠዋትም ከጀርባዋ ቆሞ እንዲህ ነቅንቆ እንደነበር አሁን ገባት።

«እሱን አትይ፣ እኔን እይ» አለች። «የት ነበር?»

«በሩ ላይ» አለ ሮይስተን ቀስ ብሎ። «የመስኮቱ መዘውር ላይ ተሰክቶ ነበር፣ ወይዘሮ ማቪስ። መስኮቱም እንደተነሳ። ዘጋሁትና ብረቱን ይዤ መጣሁ። ለርስዎ ልሰጥ ነበር ያንኳኩት ጊዜ… ከዚያ እሳቸው እንዳትነግራት አሉኝ።»

ማቪስ ማዞሪያውን ከሚስማሩ አነሳች። የሄድሊ መሀረብ ያልደረሰበት ቀዳዳው ውስጥ የመዘውሩ ጥቁር ግራሶ አለ። ጣቷን ከተተች፤ ጣቷ ጠቆረ። ያኔ ስልኩ ትዝ አላት።

ስልኩ ጮኾ ነበር። ትናንት፣ በሩ ላይ ቆማ። ውሃው ሞልቶ፣ ሄድሊ ጀልባዋን አውጥቶ ወደ ዛፎቹ ሲያመራ፣ እሷ መስኮቱን ልታወርድ ብረቱን እንደጨበጠች ብራዮኒ ደወለች። «አባባ እንዴት ነው? አሁንም ይረሳል?» አለቻት። እሷም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በቦዩ ዳር እየተራመደች፣ «አይዞሽ፣ ዓይኔን ከሱ ላይ ለደቂቃ አልነቅልም» ብላ መለሰች። ስልኩን ታስታውሳለች፤ የልጇን ድምፅ፣ የረገጠችውን ሣር ሳይቀር ታስታውሳለች። መስኮቱን ማውረዷን ግን የትም ፈልጋ አጣችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለሷ ነው።

«የኔ ተራ ነበር» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አውቀህ ነበር?»

«ጠዋት ሚስማሩን ባዶ ሳየው» አለ ሄድሊ። «አንድ ጊዜ ነው፣ ማቪስ። ሰው አንድ ጊዜ ይረሳል።»

አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ሲናገር ዓይኑን መለሰ። ማቪስን አላለፋትም። ስንት ጊዜ ነው ይሄ ሰውዬ ከኋላዋ እየሄደ የዘጋው? ሁለቱን ችካሎችስ ማን ነበር የረሳቸው? ማንቆርቆሪያውንስ ማን ነበር የጣደው? ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ፈራችና ዘጋችው።

ግሌንዳ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው፤ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ ተንሳፋፊ ሰደርያዋን ደርባ፣ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ። ከላይኛው በር ውሃ ለቅቃ መጥታለች፤ ጭቃው ዳር ዳሩን መርጠብ ጀምሯል።

«እሺ ዳክዬዎቼ፣ በሰዓት ውስጥ ትንሳፈፋላችሁ» አለች። «ይሄን ነገር መጻፍ ግን አለብኝ። ማነው የተወው?»

ማቪስ በስልክ የነገረቻት ነገር በአራቱ መካከል ቆመ። ሮይስተን ኮቱን አስተካከለ።

«እኔ ነኝ» አለ።

እንደ ዋዛ ነው የተናገረው፤ ሰዓት የተጠየቀ ሰው እንደሚመልስ። ሄድሊ መሬት መሬት አየ። ግሌንዳ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ማቪስ ይህን አውቃዋለች፤ ዝም ካለች ጀልባዋ የሷ ናት፣ አኻያውም፣ ነገ የሚያልፉት በርም። ውሃው «ትዕግሥትን» ከሥር ገፋ ሲያደርጋት እንጨቷ ሲጥጥ አለ።

«እሱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ማዞሪያዬንም እዚያው ትቼው ነው የመጣሁት። ይሄ ሰው ዘጋልን፤ እኔ ደግሞ ሰደብኩት።»

«በስልክ ግን አይቼዋለሁ ብለሽኝ…»

«ያየሁት ሲዘጋው ነው። ስሜን ጻፊ። ማቪስ፤ አጭር ስም ነው፣ አያደክምሽም።»

ግሌንዳ ጻፈች። ማቪስ ሮይስተንን ይቅርታ ልትለው ዞረች፤ ግን እሱ ቀድሞ «ሻይ ልጣድ?» አለ። «እስኪፈላ ኩባያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

«ስምህን ጀልባህ ላይ ለምን አትጽፍም?» አለችው።

«ቀለሙን ገዝቻለሁ። የሚጽፍልኝ እጅ የለኝም፤ የኔ ይንቀጠቀጣል።»

«ነገ እጽፍልሃለሁ» አለች ማቪስ። ከዚያ ነገ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ከበዳት፣ ወደ ጀልባዋም ገባች።

ጀልባዋ ተንሳፍፋ ሄድሊ ሲገባ የቁም ሳጥኑን በር ከፍታ የገዛ ጽሕፈቷን እያነበበች ነበር። ወለሉ ቀጥ ብሏል፤ ማንኪያዋ ካረፈችበት አትነቃነቅም።

«አንብቢው እስኪ ደህና አድርገሽ» አለ ሄድሊ። እንደ ጠበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሥሩ የፈረመው ማነው? እኔ ብቻ። አንቺ አልፈረምሽም። እንግዲህ ውሉ አንቺን አይነካም፤ እኔ ደግሞ ምንም አልተውኩም። በየትኛውም ሸንጎ አሸንፋለሁ።»

እውነቱን ነው። ከሥሩ የሱ ፊርማ ብቻ ነበር። ያን ቀን እሷም መፈረም እንዳለባት ሐሳቡም አልመጣላትም።

«እርሳሱን ስጠኝ» አለች።

ሄድሊ ኪሶቹን ዳበሰ፤ የሸሚዙን፣ የሱሪውን፣ እንደገና የሸሚዙን። «የት እንዳደረግሁት እንጃ።»

«ሄድሊ።»

«እውነቴን ነው። እረሳለሁ እኮ። ራስሽ አይደለሽ ለልጅቷ ስትነግሪያት የከረምሽው?»

እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቶ ነበር። ማቪስ እጇን ዘርግታ ነቀለችው፤ በዚያው እጇ ጉንጩን ነካ አደረገችውና፣ ከፊርማው ሥር ስሟን ሙሉውን ጻፈች። ቀኑንም ልትጨምርበት ፈልጋ ቆም አለች።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለችው።

ሄድሊ ነገራት።